በቅጹ ላይ የጎደሉት ሦስት ወራት

የተማርኩት ታሪክ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌን የሠራሁት ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበሩ ሲራራ ነጋዴዎች ሲሆን፣ የትኛው ነጋዴ በየትኛው ወር ስንት በቅሎ ጭኖ በየትኛው ኬላ እንዳለፈ ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አልስትም። ትናንት ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ ግን አላውቅም። የሌሎችን ዘመን በሙሉ በቃሌ ይዤ የራሴን በየደረሰበት የጣልኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከማወጋችሁ ነገር አንዳንዱን አዛብቼ ባገኛችሁት፣ ዋሸን ብላችሁ አትቀየሙኝ፤ እኔም የሰማሁት ከራሴ ነው።

ነገሩ የደረሰው እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ታራዴል በሚባለው ሰፈር ነው። በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ እኖራለሁ፤ ፈቃዴ የሚያበቃው ደግሞ በዚያ ሳምንት ዓርብ ነበር። ደንቡ ለማንም የማይከብድ ነው። የማራዘሚያ ማመልከቻው ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ከገባ፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ እየሠሩ መኖር ይቻላል፤ ካልገባ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ አገሩም ብዙ አይቆይም። ይህ ለእኔም ግልጽ ነበር። በጣም ግልጽ ስለነበረም አራት ወር ሙሉ አልነካሁትም።

የምኖረው በጋሼ ሰኢድ ቤት፣ ቤዝመንት በሚሉት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ ሰኢድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። እዚህ አገር የገባሁ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያው ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ የያዝኩትን የሆቴል ስም ከኪሴ ፈልጌ ስላጣሁት፣ «እንግዲህ እስክታገኘው እኛ ቤት ሁን» አሉኝ። እነሆ እስካሁን እየፈለግኩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ይሠራሉ። ልጃቸው ሃያት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ አማርኛን እንደ ሰው መኪና ተጠንቅቃ የምትነዳ ልጅ ናት።

እሑድ ከሰዓት ሃያት ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አንክል፣ ዲስ ኢዝ ሲምፕል» አለችኝ። «ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ላይክ፣ ማክስ።»

ቅጹ ያለፉትን አሥር ዓመታት ይጠይቃል፤ የት እንደኖርኩ፣ ምን እንደሠራሁ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር። ባዶ ወር መተው አይቻልም። ባዶ ወር ያገኘ እንደሆነ ቀይ መስመር ያወጣና ወደሚቀጥለው ገጽ አላሳልፍም ይላል። እንዲህ ያለ ጥብቅ ሰው ተመራቂ ተማሪ ሳለሁ አማካሪዬ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ቦታ በሆንኩ ነበር።

«አዲስ አበባ ስትሪት ኔምህ ምን ነበር?»

«ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር።»

«ኖ፣ ላይክ፣ ስም ያለው ነገር። ወፍጮ ቤቱ ስም አለው?»

«አለው።»

«ምንድን ነው?»

«ወፍጮ ቤት።»

ሃያት ጥቂት አሰበችና ጻፈችው። ቅጹም ተቀበለው። ይህንን እንደ መልካም ምልክት ቆጠርኩት፤ ደስታዬ ግን ሁለት ገጽ አልዘለቀም።

«አንክል፣ ጋፕ አለ።»

ከሰባት ዓመት በፊት ታሪክ የማስተምርበትን የግል ኮሌጅ የለቀቅኩት በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። በኋላ በተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩት በጃንዋሪ ነው። በመካከላቸው ሦስት ወር አለ። ቀዩ መስመር ወጥቶ ቆመ።

«ኦክቶበር፣ ኖቬምበር፣ ዲሴምበር። የት ነበርክ?»

«ሐዋሳ» አልኩ ያለምንም ማመንታት። «መጽሐፍ እየጻፍኩ።»

እንዲያ ነበር የማስታውሰው። ሐይቁ ፊት ለፊቴ ነበር። ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ በስተቀኝ አንዲት ጀልባ አለች፤ በስተግራ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በአንድ እግሩ ቆሟል። ይህ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሃያት የት እንዳረፍኩ፣ ሆቴል ይሁን የሰው ቤት፣ ከማን ጋር እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። አሰብኩ። ሐይቁ መጣ፤ ጀልባዋ መጣች፤ አባ ኮዳው መጣ፤ ቤቱ ግን አልመጣም። የጻፍኩት መጽሐፍም የት እንደገባ አላውቅም። ከሁሉ የከነከነኝ አባ ኮዳው ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ እግሩ መቆሙን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ሦስት ወር ሙሉ?» አሉ እትዬ ዘሃራ ከምድጃው ዘወር ብለው። «ሰው ሦስት ወር እንዴት ይጠፋዋል? እኔ የሰርጌ ዕለት የጣለው ዝናብ ስንት ሰዓት ላይ እንዳባራ ልንገርህ?»

«ተይው አቦ» አሉ ጋሼ ሰኢድ። «የሰው ሚስጥር ይሆናል።» ከዚያም ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስር ቤት ነበርክ እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ቢሆንም አናፍርብህም ብዬ ነው።»

ዳግመኛ ዳር ዳር ስንል ፖርታል የሚሉት የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ሰለቸውና ‹ታይም አውት› ብሎ አስወጣን።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ሄድኩ። የምሠራው ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሥራውን ያስገኙልኝም ጋሼ ሰኢድ ናቸው። አለቃዬን ከድሮ ጀምሮ ያውቋታል፤ «ይሄ ልጅ ሰዓት አያዛንፍም» ብለው በቃላቸው አስቀጥረውኛል። ልጅ የተባልኩት እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነው። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ወረቀቴን አየች፣ ቀኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ይህን ሳምንት ከሺፍት አወጣሁህ፤ ሂድና ጨርስ፤ እስከ ዓርብ ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳየውን ደረሰኝ ካመጣህ ሰኞ ትመለሳለህ፤ ካላመጣህ በቦታህ ሰው እቀጥራለሁ አለችኝ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን በዚያው ወደ ቤት ተመልሶ የሆነውን ይናገራል። እኔ ግን ጋሼ ሰኢድ የሰጡት ቃል ትዝ አለኝ። «ሰዓት አያዛንፍም» የተባለ ሰው ሰኞ በአራት ሰዓት ቤት ሲገባ ምን ይባላል? ስለዚህ በአውቶቡስ ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ እስከ ሥራ መውጫ ሰዓቴ እዚያው ዋልኩ። ማክሰኞም እንዲሁ ለማድረግ ወሰንኩ። እንደ ወትሮው የሥራ ጫማዬን አጥልቄ፣ የምሳ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ልወጣ ስል ጋሼ ሰኢድ የመኪና ቁልፋቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ብርዱ ከባድ ነው። ላድርስህ።»

«ኧረ አይድከሙ ጋሼ፣ በባስ እሄዳለሁ።»

«ሥራ ነው አይደል የምትሄደው?»

«አዎ… ሥራ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ግባ።»

ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ነድተው ፋብሪካው በር ላይ አወረዱኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ቆምኩ፤ እሳቸውም ሞተሩን ሳያጠፉ ቆሙ። ወደ በሩ ሄድኩ፤ አልተንቀሳቀሱም። በሩን ከፈትኩ፤ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ምን ላድርግ፣ ገባሁ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ምን እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ። ለሁለት ዓመት በየቀኑ የምታየኝ ልጅ ናት። «ጓንቴን ረስቼ» አልኳት፤ ጓንቴ እጄ ላይ ነበር። በመስኮት አጮልቄ መኪናው መሄዱን ካረጋገጥኩ በኋላ በሁለት አውቶቡስ፣ በረዶውን እየረገጥኩ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለስኩ። ረቡዕና ሐሙስም እንደዚሁ ወሰዱኝ፤ እኔም እንደዚሁ ተመለስኩ።

ቤተ መጻሕፍቱ ሞቃት ነው አይባልም። ማክሰኞ ከቦርሳዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብ ባገኝ ጊዜ በራሴ አርቆ አሳቢነት በጣም ተደነቅኩ። ማስገባቴን አላስታውስም፤ ግን ከእኔ በቀር ማን ያስገባዋል?

ስልክ ማውራት በንባብ ክፍሉ ክልክል ስለሆነ የምደውለው በመግቢያው ላይ፣ በውጪው በርና በውስጠኛው በር መካከል ካለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ብርድ ይገባል። እዚህ ሲነጋ አዲስ አበባ ይመሻል፤ የመጀመሪያውን ስልክ ለግርማ የደወልኩለት ሰኞ ዕለት ከሥራው ሲወጣ ነው። ግርማ የእኅቴ ባል ነው፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መሥሪያ ቤት አለው።

«ግርማ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከመስቀል ማግስት እስከ ገና ድረስ የት ነበርኩ?»

በሩን ሲዘጋ ሰማሁት። ከዚያ በሹክሹክታ «ማነው የጠየቀህ?» አለኝ።

«ኢሚግሬሽን።»

«የት እንድትሆን ነው የሚፈለገው?»

«የነበርኩበት ነዋ።»

«እሱማ ገባኝ። የት ብትሆን ይሻላል ማለቴ ነው።»

«ሐዋሳ የነበርኩ ይመስለኛል።»

«ታዲያስ! ሐዋሳ ነበርክ እንጂ!»

«ምን ስሠራ?»

«አንተ ምን አልካቸው?»

ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት። ግርማ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ላይ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። በተጠቀሱት ሦስት ወራት የአሉሚኒየም ሥራ ድርጅቱ የሽያጭ ሠራተኛ እንደነበርኩ፣ በሥራዬም ታታሪ፣ ከሰው ተግባቢና ከማናቸውም ሱስ የጸዳሁ እንደነበርኩ ይመሰክራል። ከታች ፊርማ፤ ከፊርማው ላይ ሐምራዊ ክብ ማህተም፣ ግማሹ ስሙን ረግጦ፣ ግማሹ ባዶው ወረቀት ላይ። እውነት ለመናገር ማህተሙን ሳየው በአክብሮት ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ያደግነው ማህተም ያረፈበት ነገር የሆነ ነው፣ ያላረፈበት ነገር ገና ነው በሚል እምነት ነው። ለአንድ አፍታ ያህል አሉሚኒየም ስሸጥ ታየኝ።

ደውዬ እንዲህ ያለ ነገር እንደማልልክ ነገርኩት። ቅር አለው። ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። በዚህኛው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኛለሁ። ቅሬታዬ በማዕረጉ ማነስ መስሎታል።

ማክሰኞ የደወልኩት ለእትዬ ጥሩነሽ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የሰማያዊው በር ባለቤት፣ ኮተቤ ባለው ግቢያቸው፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ያኖሩኝ አከራዬ ናቸው።

«መምህር!» አሉኝ ገና ድምፄን ሲሰሙ። ከማስተማር ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ለእሳቸው ዛሬም መምህር ነኝ። «ደህና ነህ ልጄ? ምንድን ነው በየደቂቃው የሚከፈት የሚዘጋው? ሆቴል ቤት ነው ያለኸው?»

«የሰው መግቢያ ላይ ቆሜ ነው።»

«ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?»

«እረፍት ላይ ነኝ።»

«እረፍት…» አሉና ቃሉን በአፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። «ምሳህን ቋጥረሃል?»

እንደቋጠርኩ ነገርኳቸውና ጉዳዬን አስረዳኋቸው። ኢሚግሬሽን የሚለውን ቃል እንደሰሙ ወገባቸውን ሲታጠቁ በስልክ የታየኝ መሰለኝ።

«ታመህ ነበር በል። ታይፎይድ። ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ አልተነሣህም፤ ያስታመምኩህ እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ብርቄም ትመሰክራለች፤ ቆይ በአጥሩ ልጥራት።»

«እትዬ፣ በእውነት ታምሜ ነበር እንዴ?»

«አልታመምክም። ግን ብትታመም አላስታምምህም ነበር?»

ያስታምሙኝ ነበር። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ምሽት ድረስ በነዚያ ሦስት ወራት ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ እየጻፍኩ፣ አዲስ አበባ ላይ አሉሚኒየም ቤት እየመራሁ፣ በዚያው ላይ ኮተቤ በታይፎይድ አልጋ ይዤ እንደነበር የሚያረጋግጡ ምስክሮች ነበሩኝ። ስለነጋዴዎቼ ስመራመር ለአንድ ሰው አንድ ምስክር አጥቼ ዓመት ሙሉ ተንከራትቻለሁ። ለራሴ ግን የሚወዱኝ ሰዎች የፈለግኩትን ያህል አዘጋጅተው ይጠብቁኛል፤ የጠፋው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንድም ሰው «ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ ለማስታወስ አልሞከረም። የሁሉም ጥያቄ ምን ቢሆን ይበጅሃል የሚል ነው።

ረቡዕ ማታ ሃያት ቅጹን ደግማ ከፈተችው።

«አንክል፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለን። ሲሪየስሊ። ዝም ብለን ሐዋሳ እንበል?»

አባ ኮዳው በአንድ እግሩ ቆሞ ተመለከተኝ። አላስቻለኝም። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሰጠሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚፈርም ሰው ስለ ራሱ ቢያንስ አንድ ነገር ማወቅ አለበት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ሰኢድ ፋብሪካው በር ላይ አወረዱኝ። ስለ ጓንቴ ለሦስተኛ ጊዜ ላለመዋሸት ለእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ፤ ከዚያ በሁለት አውቶቡስ ቤተ መጻሕፍቱ ደርሼ፣ በሁለቱ በሮች መካከል ቆሜ ደወልኩ።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እባክዎ። የሚበጀኝን ሳይሆን የሆነውን ይንገሩኝ።»

በዚያኛው ጫፍ ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ ዝቅ አደረጉት።

«የሆነውንማ አንተ መቼ ነገርከኝና፣ መምህር?»

«ምኑን?»

«ኮሌጁ ክፍላችሁን የዘጋው ጊዜ። የታሪክ ተማሪ ጠፋ ብለው ያሰናበቷችሁ ጊዜ። ጥበቃው የብርቄ ባል አይደል? በዚያው ቀን ሰማሁ። እራት ላይ ይነግረኛል ስል አልነገርከኝም። በነጋታው ጫማህን ጠርገህ፣ ክራቫትህን አስረህ፣ ቦርሳህን አንጠልጥለህ ‹እትዬ፣ ሥራ ሄድኩ› ብለህ ወጣህ። ሂድ ልጄ አልኩህ። ሌላ ምን ልበል? ሦስት ወር ሙሉ እንዲያ ስትል ከረምክ። በአሥራ አንድ ሰዓት ትመጣለህ፤ ‹ተማሪዎቹ አደከሙኝ› ትለኛለህ፤ አይዞህ እልሃለሁ። ምሳ የጀመርኩልህ ያኔ ነው። ቀድሞ ኮሌጁ ካፌ ትበላ አልነበር? የት እንደምትውል አላውቅም፤ የትም ብትውል ሰው ይርበዋል ብዬ ነው።»

ምሳው! ዳቦ በድንች አልጫ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። የፎጣው ጠርዝ ቀይ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። የምውለው በከተማው ቤተ መጻሕፍት ነበር። በሩ ሲከፈት እገባለሁ፤ ከጀርባ ካለው ረጅም ጠረጴዛ መጨረሻ እቀመጣለሁ፤ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ ወረቀት እዘረጋለሁ፤ አንድም ገጽ አልጻፍኩም። ፊት ለፊቴ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጊዜው ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ የሐዋሳ ሐይቅ ነው። በስተቀኝ ጀልባ፤ በስተግራ በአንድ እግሩ የቆመ አባ ኮዳ።

ሐዋሳ ረግጬ አላውቅም። ሦስት ወር ሙሉ አፍጥጬ ያየሁትን ሥዕል ሄጄ የኖርኩበት አገር አድርጌ ይዤው ኖርኩ። ማፈሬን ረስቼ ሐይቁን አስቀረሁ። እንዲህ ያለ ማስረጃ አንድ ተማሪዬ ቢያመጣልኝ ወረቀቱን መልሼ በሰጠሁት ነበር።

«መምህር» አሉኝ እትዬ ጥሩነሽ። የውጪው በር ተከፍቶ ተዘጋ። «ዛሬም እረፍት ላይ ነህ?»

ይህን የምታነቡ ሁሉ ከእኔ ቀድማችሁ እንደነቃችሁ እገምታለሁ። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ እምላችኋለሁ፣ አልታየኝም ነበር። ቁልቁል አየሁ። የሥራ ጫማዬን አጥልቄአለሁ። እጄ ላይ ምሳ አለ። የቆምኩት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ነው። ሰባት ዓመትና ግማሽ ዓለም አቋርጬ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተመልሼ ተቀምጫለሁ።

«አይደለሁም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሥራ ላይ አይደለሁም። ወረቀቴ እስኪገባ አሰናብተውኛል። ለቤቱ ሰዎች አልነገርኩም።»

«ንገራቸዋ» አሉኝ በቀስታ። «እኔ ያኔ ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ማታ እራት ላይ ተናገርኩ። በመጀመሪያ ስለ አዲስ አበባው፣ ከዚያ ስለ ሰኞው፣ በመጨረሻም ጋሼ ሰኢድን አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ማንም አልደነገጠም። እትዬ ዘሃራ ሰላጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አለቃህ ሰኞ ጠዋት ወዲያው ኮል አድርጋልኝ ነበር» አሉ ጋሼ ሰኢድ። «ልጁ እንዳይደነግጥ ብላ።»

«ሰኞ ያውቁ ነበር? ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ፋብሪካው ድረስ ነዱኝ?»

«ሥራ እሄዳለሁ አልክ። ምን ልበልህ? አትሄድም ልበልህ?»

«እጅዎን ሲያውለበልቡልኝ…»

«መቼም ሥራ የሚገባ ሰው ይሸኛል።» ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። «ወላሂ፣ ቶሎ ወጥተህ ባስ እንዳያመልጥህ ብዬ ጥግ ዞሬ እጠብቅ ነበር። ረቡዕ ለት አውቶቡሱ ሲዘገይ ልመለስና ላንሣው ብዬ ነበር፤ እንዳታፍር ብዬ ተውኩት።»

«ኤቭሪባዲ ኖውስ፣ አንክል» አለች ሃያት። «እኔ ራሴ ማክሰኞ ላይብረሪ አየሁህ። ሀይ ልልህ ነበር፣ ማሚ ቴክስት አድርጋ ከለከለችኝ።»

«ሹራቡንስ ማን ያስገባው መሰለህ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ በዚያ ሙቀት ማን ሹራብ ይለብሳል? ቁጭ ብሎ ሲዋል ነው እንጂ የሚበርደው።»

ስለ አርቆ አሳቢነቴ የነበረኝ የመጨረሻው ማስረጃ በዚህ ሁኔታ ወደቀ።

ዓርብ ጋሼ ሰኢድ ከጁምዓ ሲመለሱ ሃያት ቅጹን ከፈተች። እስከዚያ ቀን በራሱ ይከፈት የነበረው ፖርታል የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ እንደረሳሁት ሲደርስበትም፣ ማንነቴን ለማረጋገጥ የልጅነት ጓደኛዬን ስም ጠየቀኝ። ሦስት ስም ሞከርኩ፤ ሦስቱንም አልተቀበለም። አንድ ዕድል ብቻ እንደቀረኝ አስጠነቀቀን።

«ይህን መለያ ስትከፍት ማንን እያሰብክ ነበር?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ከፍታልኝ የነበረችው ሃያት ናት፤ ያኔ ማንንም ባለማስታወሴ ከሳሎኑ የሰማሁትን የመጀመሪያ ስም ሰጥቻት ነበር። «ሰኢድ» ብላ ጻፈች። ተከፈተ። ጋሼ ሰኢድ ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

ወደ ቀዩ መስመር ደረስን።

«ኦኬ። ኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ምን ልበል?»

«ሥራ አልነበረኝም በይ።»

«ዛትስ ኢት?»

«ይኸው ነው።»

«አድራሻ?»

«ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊው በር። ከዚያ ወጥቼ አላውቅም።»

ሥራ አጥ ማለት የሆነ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈች። ቀዩ መስመር ያለምንም ክርክር ጠፋ። አምስት ቀን ሙሉ ያባረርኩት ነገር አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ላለማለት አንድ ሐይቅ ሙሉ ውኃ ቀድቼባት ነበር።

«የግርማን ደብዳቤ አፕሎድ ላድርገው?» አለች ሃያት። ሦስተኛው ደርሶ ነበር፤ በዚህኛው ዋና ሥራ አስኪያጅ ነኝ። «ስታምፑ ግን ኪዩት ነው።»

«እሱ ለእኔ ይቅር» አልኳት። ዛሬ ቤዝመንቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ሲከፋኝ አነበዋለሁ።

ማመልከቻው ገባ። ደረሰኙን አተምኩና ጋሼ ሰኢድ ፋብሪካው ድረስ ነዱኝ፤ በዚህን ጊዜ እንግዳ መቀበያዋን በድፍረት አየኋት። ፈቃዱ ራሱ የታደሰው ከወራት በኋላ፣ በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ወይም ሲቀልጥ እንደነበር አድርጌ ነው የማስታውሰው። እትዬ ዘሃራን ጠይቁ።

ሰኞ ጠዋት ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። ሥራ ላይ ስልክ አይነሣም፤ የደወለው ሰው ግን ከሰማያዊው በር ነው።

«መምህር፣ ዛሬስ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እትዬ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከእኔ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ገባኝ።

«ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«የሊጥ ማቡኪያው ነው።»

«እስቲ ጠጋ አድርገው።»

ጠጋ አደረግኩት። ማቡኪያው ሁለት ሰው የሚያህል ትልቅ ነው፤ ሲዞር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ስልኩን እጄን ዘርግቼ ያዝኩት። አለቃዬ ከወዲያ ማዶ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እትዬ ጥሩነሽ እስኪበቃቸው አዳመጡ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልሰው የሚናገሩት ከማን ጋር እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

«ብርቄ፣ ነይ ስሚ!» ይላሉ ወደ አጥሩ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «በል ዝጋው፣ ልጄ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስልክ አያወራም።»